ማራገቢያው ዝም ሲል

ሁለተኛው ቡጢ መካኒኩን ከመጋዙ ጠረጴዛ ጋር አላተመው።

"ፍሬኑን ማን ነካው? ተናገር!"

ሥጋ ቆራጩ የሚመታው በግራ እጁ ነበር። ቀኙ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለፈው ወር ይኸው የአጥንት መጋዝ ሦስት ጣቶቹን በልቶበታል። ዛሬ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍሉ የመጣው ሥራ ሊጀምር አልነበረም። ታናሽ ወንድሙና መካኒኩ መጋዙን ሊፈትሹ እንደሚመጡ ሰምቶ፣ ቀድሟቸው ገብቶ ከበሩ ኋላ ሲጠብቅ ነበር።

"ኧረ በሕግ አምላክ!" አለ መካኒኩ፣ ከአፉ የሚወርደውን ደም በእጅጌው እየጠረገ። አጭርና ደንዳና ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ ብሎን ነው የሚለው። "ፍሬኑ ደህና ነበር! ልጆቼን ይንሳኝ፣ ደህና ነበር!"

ታናሽየው ላፕቶፑን እንዳቀፈ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እሱን ደግሞ ኪቦርድ ይሉታል። መጋዙን የሚያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ከርነል የሚባል፣ ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያስተዳድር ክፍል አለ፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ላይ ጥገኛ እንደሆነ ለዚህ ከርነል ጽፎ ማስረዳት የሱ ሥራ ነበር። እጅ ወደ መጋዙ ሲጠጋ አይቶ መጋዙን በፍሬን የሚያስቆም ካሜራ አለ። ካሜራው ሲፈጥን መረጃው የሚያልፍበት መስመርም አብሮት እንዲፈጥን፣ ማንም ዕቃ የማይጠቀምበት የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ እንዲቋረጥ አድርጎ ጽፎታል። በዚህ ሥራው ይኮራ ነበር። ታላቅየው ሆስፒታል ተኝቶ "ምን ሆኖ ነው ያልቆመው?" ሲለው፣ "በኛ በኩል ንጹህ ነው፣ የፍሬኑን ነገር መካኒኩን ጠይቅ" ብሎ የመለሰውም ከዚሁ ኩራት ነው። ቢሮ ውስጥ ደጋግሞ ሞክሮታል፤ መጋዙ ሳይቆም የቀረበት ጊዜ አልነበረም። አሁን ያቺ ከአፉ ያመለጠች ቃል የሰው ጥርስ ስታራግፍ ቆሞ ያያል።

"ወንድም ጋሼ፣ ተው እንጂ! ሰውየውን ልትገድለው ነው!" ብሎ ከወገቡ ጠምጥሞ ያዘው።

ታላቅየው ዞር ሳይል በክርኑ አፍንጫውን ደቆሰው። "አንተ አያገባህም! ጣቴን እዚህ የጣልኩት እኔ ነኝ!" ከመሣሪያ ሳጥኑ የቧንቧ መፍቻውን አንስቶ መካኒኩ ላይ ቆመ። "ያን ቀን ጠዋት ጭጭ ብሎ ነበር። ማራገቢያው እንኳን አይሰማም፣ መጋዙ ብቻ ነው የሚጮኸው። እጄ ሲጠጋ ካሜራው አየኝ፣ ቀዩ መብራት በራ። መብራቱን እያየሁት ቆረጠኝ! ፍሬኑን ካልፈታኸው በቀር እንዴት አይቆምም?"

ማራገቢያው ዝም ብሎ ነበር።

ታናሽየው የሚደማ አፍንጫውን ይዞ ወደ መጋዙ ዞረ። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያና ፍሬኑ ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከአንድ መስመር ነው። ማራገቢያው በዚያ መስመር ላይ ጥገኛ መሆኑን ጽፏል። ፍሬኑን ግን ረስቶታል። ቢሮው ሞቃት ስለሆነ እዚያ ማራገቢያው አርፎ አያውቅም። እዚህ በረዶ ቤት ውስጥ ግን አረፈ፤ ከርነሉም መስመሩን የሚፈልግ ሌላ ዕቃ የለም ብሎ ኤሌክትሪኩን ቆረጠው፤ ያለ ኤሌክትሪክ ደግሞ ፍሬኑ አይዝም።

ይህ ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ገባው። መናገር ነበረበት፤ አልተናገረም። ስለ ዕቃዎች ጥገኝነት ጠይቁት እንጂ ምላሱ አይታክትም፤ አሁን ግን ተለጎመ። ፈርቶ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መፍቻው አንዴ በመካኒኩ ትከሻ ላይ ወረደ። ደግሞ ተነስቶ ክንዱ ላይ ወረደ፣ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ሦስተኛ ሲነሳ ነው አፉ የተከፈተው።

"እኔ ነኝ! ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ!"

"ምን አልክ?"

"ፍሬኑ ኃይል ከማን እንደሚያገኝ ለከርነሉ አልገለጽኩለትም። ማራገቢያው ሲያርፍ መስመሩን…"

"በአማርኛ ንገረኝ!"

"ፍሬኑን ረሳሁት። ብሎን ምንም አላደረገም። ጣትህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

መፍቻው ወለሉ ላይ ወደቀ። ታላቅየው የወንድሙን ቀኝ አንጓ ጨምድዶ ወደ ጠረጴዛው ጎተተው፣ በታሰረው እጁ ክርንም አረንጓዴውን የማስነሻ ቁልፍ ደለቀው። መጋዙ ጮኸ።

"በዚህ እጅ ነው የጻፍከው? በዚህ ነው?"

"ወንድም ጋሼ!"

"ሥጋ ቆርጬ ነው ያስተማርኩህ! ሥጋ ቆርጬ!"

ካሜራው አየ፣ ቀዩ መብራት በራ። መጋዙ አልቆመም። ማራገቢያው ዝም እንዳለ ነው። የሌባ ጣቱን ጫፍ መጋዙ ላስ ሲያደርገው ታናሽየው እንደ ሕፃን ጮኸ፤ ደሙ በሁለቱም ፊት ላይ ተረጨ።

በድንገት መጋዙ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ቆመ። ብሎን በደረቱ ተስቦ የመጋዙን ሞተር ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አውርዶት ኖሯል።

ታላቅየው እጁን አልለቀቀውም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰ። ሁሉም አሉ፤ የተቆረጠው ጥፍርና ትንሽ ሥጋ ብቻ ነው። ያኔ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና አለቀሰ።

"የኔን ጥርስስ ማን ይዳብስልኝ?" አለ ብሎን፣ የተመታ ክንዱን አቅፎ። "አንተ ልጅ፣ ከሥራዬም ልታስባርረኝ ነበር እኮ።"

"ለሥራ አስኪያጁ እኔው እነግረዋለሁ።"

"ትነግረዋለህ። በመጀመሪያ ያቺን የረሳሃትን ጻፋት፣ ሌላ ሰው ሳይቆረጥ።"

ታናሽየው ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፈተ። የምትጻፈው አንዲት መስመር ነበረች፤ ፍሬኑ በዚያ የኃይል መስመር ላይ ጥገኛ ነው የምትል። ጣቱ እየደማ ጻፋትና ወደ መጋዙ ኮምፒውተር አስገባት። ማራገቢያውን አልቀሰቀሰውም፤ ዝም እንዳለ ይሞከር።

መጋዙ የሚሞከረው ሥጋ በተጠቀጠቀበት የጎማ ጓንት ነው። ብሎን ባዶውን ጓንት ወረወረለት፤ ታናሽየው አንስቶ በራሱ እጅ ላይ ማጥለቅ ጀመረ።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለ ታላቅየው ከወለሉ።

"በኔ ይሞከር።"

ታላቅየው ተነስቶ ጓንቱን መነጨቀው። "ጅል! ለአንድ ቤት አንድ ጎደሎ እጅ አይበቃም?"

ከጠረጴዛው ሥር ካለው ባልዲ ቁርጥራጭ ሥጋ በግራ እጁ ዘገነና ጓንቱን ከደረቱ ጋር አጣብቆ ሊከት ሞከረ። የጓንቱ አፍ እየተጣጠፈ አስቸገረው፣ ሥጋው ጫማው ላይ ወደቀ። ደግሞ ዘገነ፤ ደግሞ ወደቀ። እርዳኝ አላለም።

ብሎን ደህናውን እጁን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

ታናሽየው ጠጋ አለና የጓንቱን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘለት።