የሻምበሉ ሳህንና የመንበሩ በሬ

መንበሩ የማንኩሳ ገበሬ ነው። ሳህን ማጠብ ሙያው አይደለም፤ እስከዚያ ዓመት ድረስ የበላበትን እንኳ አንስቶ አያውቅም። ፍኖተ ሰላም ከሚገኘው የጣሊያን ምሽግ ወጥ ቤት ያስገባው በሬው ነው። የካቲት ላይ ወታደሮች ማንኩሳ ወርደው አሥራ አንድ የእርሻ በሬ ሲነዱ ቦራ የሚባለው የመንበሩ በሬ አብሮ ተነዳ። ሌላው ገበሬ እርሙን አውጥቶ ቤቱ ሲቀር መንበሩ ከበሬው ጭራ ኋላ ኋላ እየተራመደ ምሽጉ በር ደረሰ። ሂድ ቢሉት አልሄደም፤ ቢገፉት ዞሮ ተመልሶ መጣ። የምሽጉ አዛዥ ሻምበል በመጨረሻ ሰለቸውና፣ መሄድ ካልፈለገ ይሥራ ብሎ ወጥ ቤት ከተተው።

ሻምበሉ ከአገሩ ያስመጣት የሳህን ማጠቢያ መኪና ነበረችው። ሦስት እግር ያላት የቆርቆሮ በርሜል ናት። ሳህኑ ከላይ በሽቦ ቅርጫት ይደረደራል፤ ፍል ውሃ ይጨመራል፤ ከጎኗ ያለው እጀታ ሲዞር ከታች ያለው መቅዘፊያ ውሃውን በወንፊት አሳልፎ ወደ ሳህኑ ይረጨዋል። ሻምበሉ ከሚስቱ ፎቶግራፍ ይልቅ ይህችን መኪና ለእንግዳ ማሳየት ይወዳል። እጀታዋን እንዲያዞር የተመደበው መንበሩ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ሳህኑ እንደ ሕፃን ጥርስ ነጥቶ ወጣ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ጣጣውም አብሮ ገባ። ጣሊያኖቹ በጾሙ የበሬ ሥጋ፣ የበግ ስብና አይብ ይበላሉ፤ ሳህኑ ላይ የሚተርፈውን እየጠረገ ማውጣት ያለበት መንበሩ ነው። መንበሩ ደግሞ በጾም እንኳን ሥጋ ሊነካ፣ የነካው ሰው ባጠገቡ ሲያልፍ ነጠላውን ይሰበስባል። ሚስቱ ቻይነሽ በየቅዳሜው ስንቅ ስታመጣለት ጭንቁን ነገራት፤ እሷም ለነፍስ አባታቸው ለአባ ክንፈሚካኤል አደረሰች። አባ ብዙ ካሰቡ በኋላ እጀታ ማዞር መንካት አይደለም፣ ስቡን ግን በእጁ እንዳይዳስስ ብለው ላኩበት። ይህን ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት አይታወቅም። መንበሩ ግን ቃላቸውን አጥብቆ ያዘ፦ ሳህኑን በጠርዙ በሁለት ጣት አንስቶ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ስቡንም አጥንቱንም በመኪናዋ አፍ ውስጥ ገልብጦ ያዞራል። እጁ ንጹሕ ነው። ሳህኑ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቆሸሸ መጣ።

ሻምበሉ መጀመሪያ ውሃው አልፈላም አለ። ውሃው ተፍለቀለቀ፤ ሳህኑ ቅባት እንደ ለበሰ ወጣ። ሳሙና አንሷል ተባለ፤ ሳሙና ሲታከል አረፋው ከበርሜሉ ገንፍሎ እስከ ዘበኛው እግር ወረደ፤ ሳህኑ ያው ነው። ቀጥሎ ጥፋቱ የመንበሩ ክንድ ሆነና በፍጥነት አዙር ተባለ፤ ትከሻው እስኪነቀል አዞረ። የካሚዮን ሾፌር ተጠርቶ መጥቶ የሞተር ዘይት ቢቀባት፣ ሳህኑ ከቆሻሻው በላይ የካሚዮን ሽታ ጨመረ። ደረሰ የሚባለው አስተርጓሚ ከመኪናዋ ጋር የመጣውን ወረቀት አውጥቶ፣ "አያ መንበሩ፣ ትርፍራፊውን ከሳህኑ ላይ በቅድሚያ አንሱ ይላል፤ ያነሳሉ?" ብሎ ጠየቀው። መንበሩ አነሳለሁ አለ። አልዋሸም፤ ከሳህኑ ላይ ያነሳዋል። የት እንደሚያደርገው ግን ወረቀቱም አልጠየቀ፣ ደረሰም አልጠየቀ።

በዚህ መሀል ከአሥራ አንዱ በሬ በየእሑዱ አንድም ሁለትም እየታረደ ሁለት ቀረ፤ ቦራና ከፈረስ ቤት አገር መጥቶ ማንኩሳ የሰፈረ የአንድ ገበሬ በሬ። መንበሩ በየማለዳው በረቱን በአጥሩ ቀዳዳ አይቶ ሳይቆጥር ሥራ አይጀምርም ነበር።

ከሆሣዕና በፊት ባለው ረቡዕ ሻምበሉ ወጥ ቤት ገባ። የሻምበሉ አለቃ የሆነው ኮሎኔል እሑድ ከቡሬ ለምሳ ይመጣል፤ ስለ መኪናዋ ብዙ የተጻፈለት ሰው ነው። ሻምበሉ የተናገረውን ደረሰ ሳይጨምር ሳይቀንስ አስተላለፈው፦

"ሳህኑ ከጠራ በሬዎን ይዘው ይሄዳሉ። ካልጠራ እሑድ ሳህኑ ላይ የሚቀርበው የእርስዎ በሬ ነው።"

መንበሩ ያን ቀን ምሳውን አልበላም። በሬው ከታረደ ክረምቱ በላዩ ላይ ይገባል፤ የጎረቤቱ ሁሉ በሬ ስለ ተነዳ ቤት ለቀረው ለጥቁሩ በሬው ለጉራች የሚያቀናጀው አያገኝም፤ ልጆቹ ምን ይበላሉ? እያሰበ ባዶ መኪናዋን ውሃ ብቻ ሞልቶ አዞረ፤ ጆሮውንም በርሜሉ ላይ ደገፈ። ድሮ ውሃው ክዳኑን እየመታ ይጮህ ነበር። አሁን ከታች ብቻ ጉልጉል ይላል። ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ከላህ ወንዝ ጠልፎ ወደ ማሳው የሚያወርደው ቦይ ጭቃ ሲደፍነው እንዲሁ ነው የሚለው። መንበሩ ቀና አለ። ቦዩ ተደፍኗል፤ የደፈነውም ራሱ ነው።

በእንጨት ሊያወጣው ሞከረ፤ እንጨቱ ተሰብሮ እዚያው ቀረ። ደረሰን እጁን እንዲያስገባለት ለመነው፤ ደረሰ የጣሊያን ኮት ቢለብስም ጾመኛ ነውና አይደረግም አለ። ለጣሊያን ያደረውን የበር ጠባቂ አስካሪ ጠየቀ፤ አስካሪው ሐማሴን የተወለደ ጾመኛ ሆኖ ተገኘ። የጣሊያኑን አብሳይ በምልክት ቢለምነው አብሳዩ ጭልፋ አነሳበት። በዚያ ሁሉ ምሽግ ውስጥ አርባ ቀን የተጠራቀመ የበግ ስብ የሚነካ አንድ እጅ ጠፋ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ መንበሩ እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቀለለ። አቡነ ዘበሰማያት ደግሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዱን ሰደደ። ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ጥልቅ ነገር ነው። እየዛቀ ያወጣ ጀመር፦ የጎድን አጥንት፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ሁለት ሹካ፣ የተሰበረው እንጨት፣ የጭንቅላት ያህል የደረቀ አይብ። ከዚያ ሳህኑን ደርድሮ ሲያዞር ውሃው ክዳኑን እየመታ ጮኸ። ደረሰ አንዱን ሳህን አንስቶ ጺሙን አየበት።

ሻምበሉ ከደስታው ብዛት መንበሩን ሊያቅፈው መጥቶ ሽታው መለሰው። ቃሉን ግን ጠበቀ። ቅዳሜ ቻይነሽ ስንቅ ይዛ ስትመጣ ቦራን በገመድ አስረከቧት፤ መንበሩ የእሑዱን ሳህን አጥቦ እንዲከተላት ተባለ። በሬው ከምሽጉ በር ሲወጣ ሲያይ መንበሩ እንባውን መቆጣጠር አቃተው።

እሑድ የፈረስ ቤቱ ሰው በሬ ታረደ። መንበሩ የራሱ በመትረፉ ተደስቶ ነበርና በደስታው አፈረ። ኮሎኔሉ ሳህኑን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ፣ በጣቱ አሸው፣ ሲጥ ሲጥ አሰኘው፤ ከዚያ ለሻምበሉ ረጅም ነገር ተናገረ። ሻምበሉ ፊቱ እየጠቆረ አዳመጠ። ደረሰ ወጥ ቤት እየሮጠ መጣ።

"እንኳን ደስ ያለዎ፣ አያ መንበሩ። መኪናዋም እርስዎም ቡሬ ልትሄዱ ነው። እዚያ ልብስ ይሰጡዎታል፤ እስከሚቀጥለው ዓመት አይመለሱም። አሁን የምሳውን ሳህን በፊታቸው እንዲያጥቡ ታዘዋል።"

መንበሩ እጀታዋን ለቀቀ። በሬው ቤቱ ገብቷል፤ ሞፈሩን የሚይዘው ሰው ግን ቡሬ ሆኖ ሳህን ሊያዞር ነው። ቻይነሽ ብቻዋን ምን ታደርጋለች? ኮሎኔሉና ሻምበሉ ሲጋራቸውን ይዘው እየመጡ ነው። መንበሩ ዙሪያውን አየ። በገበታው ጫፍ ከምሳው የተረፈ የበግ ስብ በትሪ ሙሉ ረግቶ ተቀምጧል።

በዚህ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት አልደገመም፤ ዓይኑንም አልጨፈነ። በሁለት እጁ ዝቆ በመኪናዋ አፍ ወርውሮ ወንፊቱ ላይ በጡጫው ጠቀጠቀው። ደረሰ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"አያ መንበሩ፣ ምን ነካዎ?"

"ዝም በል ልጄ። ማሳዬ ጦም ሊያድር ነው።"

ደረሰ ባዶውን ትሪ ከገበታው ሥር ገፋ። ጣሊያኖቹ ገቡ፤ መንበሩ ሳህኑን ደርድሮ በሙሉ ጉልበቱ አዞረ። ክዳኑ ሲነሣ ሳህኑ ሲገባ ከነበረው ብሶ ወጣ፤ ስቡ በፍል ውሃ ቀልጦ ሁሉንም እኩል አዳርሶት ነበር። ኮሎኔሉ አንዱን ሳህን አየ፣ ሻምበሉን አየ፣ ከዚያ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ወደ አውቶሞቢሉ ሄደ። ሻምበሉ መኪናዋን በእርግጫ መታ፤ ቀጥሎ መንበሩን። በሩ ወለል ተደርጎ ተከፈተና ዳግመኛ ዓይንህን እንዳላይ ተባለ። መንበሩ ይህን ያህል ደስ የሚል ስድብ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም፤ እየሮጠ ማንኩሳ ገባ።

ሰኞ ማለዳ ሞፈሩን ተሸክሞ ማሳው ላይ ወጣ። ቻይነሽ ጉራቹን በሬ አስቀድማ ጠመደች። መንበሩ ቀንበሩን አንስቶ ወደ ቦራ አንገት ሲጠጋ በሬው እጁን አሸተተ፤ አፍንጫውን ነፍቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቢጠጋው ሸሸ፣ ቢያባብለው ቀንዱን ነቀነቀ። መንበሩ ማታ በአመድ ታጥቧል፣ በእንዶድ ታጥቧል፣ በሎሚ ታጥቧል፤ ሽታው ግን አልለቀቀውም። ያን ሁሉ የሆነለት በሬ ሸሸው።

"ምነው ቦራ? ላንተ ብዬ እኮ ነው።"

ቻይነሽ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ "ተወው፣ እሱም ጾመኛ ሆኖብህ ነው፤ እኔ ልጥመደው" አለችው። መንበሩ እምቢ አለ። ተንበርክኮ ማሳው ውስጥ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ቀበረ፤ ጤዛ ያራሰውን ጥቁር አፈር እየዘገነ መዳፉን፣ በየጣቱ መሀል፣ ክንዱን አሸ፤ ቆዳው እስኪቀላ አሸ። ከዚያ ጭቃውን ሳያራግፍ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ።

ቦራ ቀስ ብሎ አሸተተው። አንድ ጊዜ ላሰው፤ አንገቱንም ዝቅ አደረገለት።