የፕሮፌሰሩ አፍ

የሰው አፍ ሆኖ መኖር ያደክማል፤ ማንም እንዳይሞክረው። እኔ ቬጅዲ፣ ሕክምና የተማርኩት ሰውዬ፣ ወጣትነቴን ኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከአንድ ጀርመናዊ ጎን ቆሜ ጨረስኩት። ፕሮፌሰር ሊንድነር አንዲት ዓረፍተ ነገር በጀርመንኛ ይናገሩና ዝም ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። እኔ በቱርክኛ እላታለሁ። ደግሞ ሌላ። እንዲህ እያልን ስንት ጉበት፣ ስንት ሳንባ አስተማርን! ቤቴ ስገባ እናቴ "ዛሬስ ምን ተናገርክ?" ስትለኝ፣ "እኔ ምን እናገራለሁ፣ እሳቸው ናቸው የተናገሩት" እላታለሁ።

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ናዚዎች ከማስተማር ሥራቸው ሲያባርሯቸው ሚስታቸውን ሔድቪግንና አንድ ሻንጣ ሙሉ የመማሪያ አጥንት ይዘው ነው የመጡት። ሁላችንም ሆጃ እንላቸዋለን፣ መምህር ለማለት። ውላቸው ግን ርኅራኄ አያውቅም። የተሰጣቸው ጊዜ ሲያልቅ በቱርክኛ ካላስተማሩ ይሰናበታሉ። ተሰናብተውስ የት ይገባሉ? አገራቸው ዜግነታቸውን ገፍፋቸዋለች። ቢመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ሁለታችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥተን አንነጋገርበትም እንጂ።

ቋንቋውን ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ ጀልባ ላይ፣ ሻይ ቤት፣ በተገኘው ቦታ ሁሉ። የሻይ ቤቷን ድመት ሳይቀር አንቱ ይሏታል።

"ሆጃ፣ ድመት አንቺ ነው የምትባለው" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አልተዋወቅንም እኮ፣ ቬጅዲ ቤይ" አሉኝ፤ ቤይ አቶ ማለት ነው።

"ይቀልዱ እንግዲህ! ቱርክኛዎን የሚፈትነው ተቆጣጣሪ ሰኞ ከች ሊል?"

"አውቃለሁ" አሉ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እያዞሩ። "ሔድቪግ ሻንጣውን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳዋለች።"

ሻዩ በረደብን።

ሰኞ ተቆጣጣሪው ሳሚህ ቤይ ከአንካራ መጥቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እንዳልረዳቸው ተነግሮኛል። የኩላሊቱን ሥዕል ልይዝላቸው ብቻ ከጎናቸው፣ ከዚያው ከለመድኩት ቦታ ቆምኩ።

"ኩላሊት ደም ያጣራል" አሉ ሆጃ በቱርክኛ። ጥርት ያለ ቱርክኛ! ደስታዬን ዋጥ አደረግሁ። ከዚያ ዝም አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

እኔስ ምን ነካኝ? አፌን ከፈትኩና "ኩላሊት ደም ያጣራል" አልኩ፣ በዚያው በቱርክኛ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከመሀል "ጋሼ ቬጅዲ፣ እስቲ አሁን ደግሞ ወደ ቱርክኛ ይተርጉሙልን!" ብሎ ጮኸ። ሳሚህ ቤይ ፈገግ እንኳ አላለም።

"ያለ አስተርጓሚ ሁለት ቃል መቀጠል አይችሉም ማለት ነው?" አለ።

ሆጃ አሁንም ወደ እኔ ነው የሚያዩት። ያኔ ነው የገባኝ። ቋንቋውን ያውቁታል፤ ግን እኔ እዚያ እስከቆምኩ ድረስ እየጠበቁኝ ነው። ሥዕሉን ሚስማር ላይ ሰቀልኩና ወደ በሩ ሄድኩ።

"ቬጅዲ ቤይ!" አሉኝ፣ ገበያ መሀል እናቱ እንደጠፋችበት ልጅ። አንጀቴን በሉት፤ ግን አልዞርኩም። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ጭጭ። ሻንጣው ዓይኔ ላይ መጣ። በቃ፣ ገደልኳቸው አልኩ። ያን ጊዜ የኔሪማን ድምፅ ተሰማ፤ ፊት ለፊት የምትቀመጠው፣ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት።

"እሺ ሆጃ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያ... ከዚያ ጨውን ይለያል።" ደግሞ ዝም።

"ከዚያስ?" አሉ ሌሎች ተቀብለው።

"ከዚያ ውሃውን ይመልሳል።"

"ከዚያስ?" አለ ክፍሉ በሙሉ፣ ተረት እንደሚሰሙ ልጆች። እየሳቁም ይሁን እያዘኑ እንጃ፤ ብቻ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ኩላሊትን እንደ ተረት አስወሯቸው።

ሳሚህ ቤይ ሲወጣ "ይህን ያህል የሚጠይቅ ተማሪ አላየሁም፤ ፕሮፌሰሩ ይቆዩ" ብሎኝ አለፈ። እግዜር ይስጥሽ ኔሪማን! ሆጃ ተከትለው ወጡና እጄን ያዙኝ። አንድ ነገር ሊሉኝ ፈልገው በየትኛው ቋንቋ እንደሚሉት ጠፋባቸው። እኔም ሥራዬን በገዛ እግሬ ትቼው የወጣሁ ሰው፣ ተመልሼ ከጎናቸው ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ እስኪያረጁ በቱርክኛ አስተማሩ፤ ከእያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር በኋላ ዝም እያሉ፣ በየዓመቱ የሚመጣው ተማሪም ከታላላቆቹ ተምሮ "ከዚያስ?" እያለ። እኔም የራሴን ክፍል አገኘሁ፤ አስተማርኩ፤ ደከመኝ።

የተቀበሩትም እዚሁ ነው። ሔድቪግ "አንተ ተናገርላቸው፤ አፋቸው አንተ ነበርክ" አለችኝ። መቃብሩ አጠገብ ቆምኩ።

"መምህሬ ነበሩ" አልኩ።

ከዚያ ዝም ብዬ ወደ ጎኔ ዞርኩ፣ ቀጣዩን እሳቸው እንዲሰጡኝ። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። "ከዚያስ?" የሚለኝ አንድ ሰው አልነበረም።