ለጀማሪ የሚስማማ ስርጭት

የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ደረሰ የቅዳሜውን ነገር ሲያወሩ፣ «ኮምፒውተር እናስነሣ ብንል ገበሬው ረብሻ አነሣ» ይላሉ። ገበሬዎቹ ደግሞ፣ «ሊኑክስ የሚባል አዲስ ማዳበሪያ መጥቶ ቢሮ ውስጥ ተቆለፈበት» ይላሉ። እዚያው ስለነበርኩ ሁለቱም አልዋሹም እላለሁ። ጥፋቱ የአንዲት ቃል ነው።

የገበሬዎች ማኅበራችን ከእንጅባራ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ያለን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ እሱንም ቫይረስ በልቶት ተኛ። ጸሐፊያችን በቀለች ሥራውን ከያዘች ገና መንፈቅ አልሞላትም። አቶ ደረሰም፣ «እስከ ሰኞ ካልተነሣ ጽሕፈቱን ከተማ እናሠራለን፤ አንቺም ወደ ቤትሽ» ብለዋታል።

በነፃ የሚገኝ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፣ እሱን እንጫንበት አልኩ። ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ነው፤ ኡቡንቱ አለ፣ ሚንት አለ፣ ሌላም አለ፤ እያንዳንዱን ዓይነት በእንግሊዝኛ «ዲስትሪቢውሽን» ይሉታል። አቶ ደረሰ ያለ ስብሰባ ውኃ እንኳ አይጠጡምና ኮሚቴው ተጠራ። ማስታወቂያውን የጻፈው ሽመክት ነው። ሽመክት የኮምፒውተር ምሩቅ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል ካየ ሳይተረጉም አያልፍም። እንዲህ ብሎ በር ላይ ለጠፈው፦ «ቅዳሜ ለጀማሪዎች የሚስማማ የሊኑክስ ስርጭት ይመረጣል።»

በእኛ አገር ስርጭት ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማዳበሪያ እደላ። ቅዳሜ ግቢው በአህያና በባዶ ጆንያ ተሞላ።

«ልጄ፣ ይሄ ሊኑክስ ለድንች ነው ለከሰሉ ዛፍ ለዲከረንስ?» አሉኝ አያ ገብረ ማርያም።

«አያ፣ የኮምፒውተር ነው።»

«የማንም ይሁን። ለሰው ስንት ኩንታል ይደርሳል?»

«ለጀማሪ ብቻ ነው የሚሆነው!» አለ ሽመክት፣ ሰዉን ሊበትን ብሎ።

ባሰበት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረ ሰው ሁሉ ጀማሪ ነኝ እያለ ይምል ጀመር።

«እኔ ሞፈር የጨበጥኩት ዘንድሮ ነው!»

«ኧረ ወዲያ! አንተ ጀማሪ ከሆንክ እኔ ገና አልተወለድኩም!»

ውስጥ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። «ለጀማሪ የሚባለው ለማኅበር አይመጥንም» አሉ አቶ ደረሰ። «ከባዱን አምጡ።»

ሽመክት ደስ እያለው ከፍላሽ አንዱን ከባድ ዓይነት ከፈተ። ጥቁር ገጽ መጣ፤ ሥዕል የለው፣ ምን የለው። አቶ ደረሰ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩት በኋላ፣ «ያምራል» አሉ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ስም ጠየቃቸው። «ደረሰ» ብለው አስገቡ። አልቀበልም አለ። ደግመው አስገቡ።

«ማኅበሩን ማን እንደሚመራው አያውቅም?»

«ሥርዓቱ ገና አልመዘገበዎትም» አለ ሽመክት።

«ታዲያ ምኑን ከባድ ሆነ!»

ይሄኔ በቀለች፣ «ሳንጭነው እየከፈትን እንሞክር፤ የምጽፍበት እኔ አይደለሁ?» አለች። ኡቡንቱና ሚንት ያሉበትን ፍላሽ ሰካሁላት። ኡቡንቱ መልኩ ጥሩ ነበር፤ አሮጌው ኮምፒውተር ግን አቀበት እንደያዘው ባጃጅ አቃሰተ። ሚንት ቶሎ ተከፈተ፤ የፕሮግራሞቹ ማውጫም እሷ በለመደችው በግራ በታችኛው ጥግ ነበር። የአማርኛውን ፊደል አስተካከልኩላት።

አያ ገብረ ማርያም አንገታቸውን በመስኮት አስገብተዋል። «እስቲ የእኔን ስም ጻፊበት።»

ጻፈች። ስማቸውን አነበቡትና ወደ ግቢው ዞረው፣ «በሉ፣ ስርጭቱ ደረሰኝ!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አቶ ደረሰ ግን አልሳቁም። «መልካም፤ ግን ይሄ ለጀማሪ ነው ተብሏል። እዚህ ቢሮ ውስጥ ጀማሪው ማን ነው?»

ሽመክት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ኮሚቴው ጉሮሮውን ጠራረገ። ከውጭ ግን ባለጆንያው ሁሉ እጁን አወጣ።

በቀለች ከወንበሯ ተነሣች። «ጀማሪዋ እኔ ነኝ» አለች፣ ግቢው ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ሚንት ይጫን!»