አራት መቶ ስድሳ ኪሎ

ካርታ ሣዩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገድ የሌለበትን አገር ሲሥል የኖረ ሰው ነው። ገደሉን በቡናማ፣ ወንዙን በሰማያዊ፣ በጋ ብቻ የሚያስኬደውን መንገድ በተቆራረጠ መስመር ያሰምራል። እሱ ራሱ ግን ከአስፋልት ወርዶ አያውቅም፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ነው። አንድ ቀን ስለ አንድ ኮረብታ ከአለቃው ጋር ሲከራከር አለቃው፣ አንተ ደግሞ የት አየኸው፣ አለው። ቃሉ እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ። በሳምንቱ ካርታ ሣዩ ከወዳደቀ ብረት መሸጫ የአሮጌ አምቡላንስ ሻንሲ፣ የብረት አጽሙን ብቻ፣ ገዛ።

ሞተሩ ዳቦ ሲያከፋፍል ከኖረ መኪና ተነቀለ። በሮቹ የማን እንደነበሩ የሸጠውም ሰው አያውቅም። ሠሪው ሚዛኑ የሚባል ሜካኒክ ነበር፤ ስሙን ያወጡለት ከተዘጋ ወፍጮ ቤት በገዛው የእህል ሚዛን ላይ ሳያወጣ የሚገጥመው ዕቃ ስለሌለ ነው። ሚዛኑ ቀልድ አይገባውም። የሚጠይቀውን ይጠይቃል፣ የነገሩትን ይጽፋል፣ የጻፈውን ይሠራል።

ሥራው የመኪናው እግር ላይ ሲደርስ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ጠየቀ።

«ምን ትጭንበታለህ?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። መልሱም ቀላል ነበር፦ ካርታ ሣዩ ራሱና የምሳ ዕቃው። ችግሩ እዚያው ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ሦስት የማኅበር ጓደኞቹ መቀመጣቸው ነው። ማኅበራቸው የመንገድ አልባ ተጓዦች ማኅበር ይባላል። ሦስቱም ከፍ ከፍ ያለ መኪና አላቸው፤ ሦስቱም ቅዳሜ ቅዳሜ አስፋልቱ ዳር አቁመው ያጥቡታል። ሦስቱም ጥቁር መነጽራቸውን ቤት ውስጥ አያወልቁም። በእነዚህ ፊት ምሳ ዕቃ ተብሎ እንዴት ይጠራል?

እንግዲህ አራት ሰው አይጠፋም፣ ብሎ ጀመረ። ድንኳን አለ። ግማሽ በርሜል ውሃ አለ። ጓደኞቹ ራሳቸውን በነቀነቁ ቁጥር ጭነቱ ጨመረ፤ ጄኔሬተር ገባ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ ገባ። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል። ሚዛኑ ግን ወሬውን አንድ በአንድ ደምሮ ጫነው፤ አራት መቶ ስድሳ ኪሎ ሆነ።

«ሁልጊዜ?» አለ ሚዛኑ።

«ሁልጊዜ ነው እንጂ። ባዶውን ምን ያደርግልኛል?»

ሚዛኑ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ባለው ድርብርብ ብረት፣ በባሌስትራው ላይ፣ ሁለት ዝርግ ብረት ጨመረበት። የመንገጫገጩን ኃይል የሚውጠውን አሞርዛተርም ከጭነት መኪና አምጥቶ ገጠመለት።

መኪናው ተሠርቶ ወጣ። የካርታ ሣዩ ሚስት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት፤ በመጀመሪያው ቀን በርጩማ ረግጣ ተሳፈረች። ከቤት እስከ መድኃኒት ቤቱ ያሉት የፍጥነት መቀነሻዎች ስድስት ናቸው። በስድስቱም ላይ ሳትፈልግ ተነሳች፣ ሳትፈልግ ተቀመጠች። ስትወርድ አንዱ ጉትቻዋ ከጆሮዋ ላይ አልነበረም። 

ማታ እራት ላይ እንዲህ አለች፦ እናቷ ለሐሙስ የዓይን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው። ቀጠሮው አሥራ አንድ ወር ተጠብቆ የተገኘ ነው፤ ካለፈ ሌላ አሥራ አንድ ወር፣ እስከዚያም ዓይናቸው አይቆይም። ቤታቸው ከአስፋልቱ አርባ ኪሎ ሜትር ገባ ይላል፣ አውቶቡስ አይደርስበትም። አምና በጭነት መኪና መጥተው ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ ደግሞ የሚያንገጫግጭ ነገር ላይ አልወጣም ብለው ምለዋል።

«መኪናህ እማዬን ሳትሰብር ካመጣችልኝ ትኑር» አለች። «ካልሆነ አርብ ትሸጣለች። አሸዋ የሚያመላልሰው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል፤ እስከ አርብ ጠብቅ ብዬዋለሁ።»

በነጋታው ካርታ ሣዩ ጋራዥ ደረሰ። መነጽሮቹ ጎማቸው ላይ ናቸው። ወደ ሚዛኑ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ትንሽ ማለስለስ ይቻል እንደሆን ጠየቀ። ሚዛኑ ግን ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«አራት መቶ ስድሳውን ጭነሃል?» አለ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ።

ሦስት መነጽር ዞረ።

«ጭኜ ነው እንጂ።»

«ከጫንክ መለስለስ አለባት። እንደ ፍየል የምትዘለው ባዶ ከሆነች ነው። ባዶ ነው የምነዳት ካልከኝ ሁለቱን ብረት አሁን እፈታልሃለሁ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።»

የአንድ ሰዓት ሥራና የአንድ ቃል ኑዛዜ። ካርታ ሣዩን ሥራው አልከበደውም፤ ኑዛዜው ከበደው። ተጭናለች አለና ወጣ። ከዚያው ቀጥታ አሸዋ አመላላሹ ዘንድ ሄዶ ስምንት ጆንያ አሸዋ አስጫነ። ሰውዬው መኪናዋን ዙሪያዋን እያየ፣ አርብን ሳንጠብቅ ሥራ አስጀመርካት እኮ፣ አለው።

ረቡዕ ጠዋት ጉዞ ሆነ። አስፋልቱ አልቆ ኮረቱ ሲጀምር ካርታ ሣዩ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። መኪናዋ ግን እንደ ጀልባ ተንሳፈፈች። ጉድጓዱን እንዳልሰሙት ሐሜት በላዩ አለፈችው። ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ ከብዙ ዓመት በፊት የሣለውን ወንዝ አገኘው፤ ቡናማ ነበር።

አማቱ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። በወንበር ተረድተው ወጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አንድ ጊዜ አዙረኝ አሉ። እስከ መንደሩ ዋርካ ደርሰው ተመለሱ።

«በል እንጂ፣ ሂድ» አሉ።

«ሄደን መጣን እኮ እማማ።»

አማቱ ዓይናቸውን ገልጠው የቀራቸውን ብርሃን ይዘው ወደ ኋላ ዞሩ። ጆንያዎቹን በእጃቸው ዳሰሱና ምን እንደሆነ ጠየቁ። አሸዋ ነው አላቸው። ለምን አሉት። አካባቢው ላይ አንድም መነጽር አልነበረምና ካርታ ሣዩ እውነቱን ተናገረ፦ መኪናዋ ካልከበደች እንደምታንገጫግጭ፣ ክብደቱም ከየት እንደመጣ፣ ድንኳኑንም፣ በርሜሉንም፣ ጄኔሬተሩንም።

አማቱ አልሳቁም።

«እኔ የሚመዝን ዕቃ እያለኝ አሸዋ ምን ያደርጋል?» አሉ።

አሸዋው በራቸው ላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ተገለበጠ። በምትኩ ቁምሳጥን ወጣ፣ የብረት አልጋ ወጣ፣ የልብስ ስፌት መኪና ከነእግሩ ወጣ፣ ሁለት ሣጥን ወጣ። ካርታ ሣዩ፣ ለሦስት ቀን ቆይታ ቁምሳጥን፣ ብሎ ሊጀምር ሲል አቋረጡት።

«ታዲያ ቀሎ ያንገጫግጨኝ?»

ትምህርቱን ያስተማራቸው ራሱ ነው፤ ቁምሳጥኑን በገመድ አሰረው።

ሐሙስ ቀጠሮው ተደረሰበት፣ ቀዶ ሕክምናው ያማረ ሆነ። ሚስቱ የመኪናዋን ኮፈን ሳመች፣ አሸዋ አመላላሹም ተሰናበተ። መኪናዋ ቀረች። ቁምሳጥኑም ኮሪደሩ ላይ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት ካርታ ሣዩ ጉሮሮውን ጠርጎ የመመለሻቸውን ነገር ሲያነሳ፣ አማቱ መመለሱን እንደማይጠሉ፣ ነገር ግን ዕቃው አንዴ ቦታ ከያዘ ማንሳቱ ነውር እንደሆነ፣ ባዶዋን ደግሞ እንደማይሳፈሩ በትሕትና አስረዱት።

በአራተኛው ቅዳሜ ቤታቸውን ማየት አማራቸው። ካርታ ሣዩ ወደ ቁምሳጥኑ አይቶ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ተወው፣ ሰው አለኝ» አሉት።

ለካ ከሠፈሩ ሴቶች ጋር ሁሉ ተዋውቀዋል። በአዲሱ ዓይናቸው ከእግር እስከ ራስ እያዩ አራቱን መርጠዋል። አምስተኛዋን፣ ቀጭኗን፣ ለሚቀጥለው ወር በልተሽ ድረሽ ብለዋታል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋ አራት ሴት፣ አንድ አማትና አንድ ካርታ ሣዩ ጭና ትወጣለች። መንገድ አልባ ተጓዦቹ የማጠቢያ ቱቧቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ። ሞተሩ ምን እንደሚል ካርታ ሣዩ ከኋላ ባለው ወሬ አይሰማውም። አንድ ቀን ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸውና መኪናዋን አቆመ። እንዲያው ይወቁልኝ ብሎ ዞር አለና፣ ይህን ወንዝ የሣልኩት እኔ ነኝ አላቸው።

ከሴቶቹ አንዷ ውሃውን አየችው፣ እሱንም አየችው።

«ታዲያ እርሳስ ካነሳህ አይቀር ድልድይ ብትጨምርበት ምን ነበረበት?»

ማርሹን ቀየረና ገባበት። ውሃው እስከ በሩ ደረሰ፤ ወሬው ግን አልተቋረጠም።