ስም ያልተጻፈበት ሣጥን

ዱካሞ ሙዚየም የሚባል ነገር ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ካለው ሱቁ ዳቦ የምትገዛው ማማ ኖምቩላ የሙዚየሙ ጥበቃ ናት። «ማይ ፍሬንድ፣ ከዚያ ከሱቅህ ፍርግርግ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ውጣ» ብላ ስትጨቀጭቀው ከረመች፤ ቅዳሜ ዕለት ሱቁን ለሚስቱ ለፍሬገነት ትቶ ሄደላት።

ሄዶም ግራ ገባው። የጥንት ግብፆች የቀብር ዕቃ ነው አሉት፤ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ሰዎች፣ ዳቦ የሚጋግሩ፣ ጀልባ የሚቀዝፉ። ለሞተ ሰው ሠራተኛ! ጣዖት ነው ብሎ እንዳያልፍ ጋጋሪዋ ታምራለች፤ ታምራለች እንዳይል ፓስተሩ ትዝ አሉት።

መጨረሻ ላይ የሬሳ ሣጥን ክዳን ቆሟል። ፊቱ ጠይም፣ ዓይኑ የተኳለ፣ አፉ ሊስቅ ሲል የተወው ዓይነት። ዱካሞ ቀረብ ብሎ አየው። ታናሽ ወንድሙን ዓብዩን ቁርጥ!

ዓብዩ ከሆሳዕና ወደ እሱ ሲመጣ መንገድ ላይ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። አንዱ «ጀልባቸው ማላዊ ሐይቅ ላይ ተገልብጣለች» አለ፤ ሌላው «እስር ቤት አይቼዋለሁ» አለ። የቱን ይመን? እናታቸው ኤርጎጌ የልጇን ፎቶ ለለቅሶው በትልቁ አሳጥባ፣ ለዕድሩ ነግራ፣ መርዶ ብቻ ትጠብቃለች። መርዶውን መንገር ያለበት ደግሞ እሱ ነው። በደወለች ቁጥር «ላልቅሰው?» ትለዋለች። «ቆይ እማ» ይላታል። እሁድ እሁድም በቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ወረቀት፣ «መንገድ ላይ ላሉ» ከሚለው ሥር «ዓብዩ» ብሎ ይጽፋል።

«ማማ፣ ይሄ ሰው ማነው?»

ኖምቩላ ከሥዕሉ መሀል አንድ ባዶ ቦታ አሳየችው። «አይታወቅም። ሣጥኑ ቀድሞ ነው የተሠራው አሉ፤ ስሙ ኋላ ሊጻፍ። የሚጽፈው ሰው ሳይመጣ ቀረ።»

«ታዲያ ማን አለቀሰለት?»

«እኔን ትጠይቃለህ እንዴ?»

ዱካሞ ባዶውን ቦታ እያየ ቆመ። ፊቱም ዓይኑም ተሠርቶ አልቋል፤ የጎደለው አንድ ሰው ነበር። በዚያ ባልመጣው ሰው ተናደደ። ቆይቶ ደግሞ በራሱ አፈረ።

በማግስቱ የጸሎት ወረቀቱ ሲደርሰው «መንገድ ላይ ላሉ» የሚለውን አለፈው። «ሐዘን ላይ ላሉ» ከሚለው ሥር «እናቴ ኤርጎጌ» ብሎ ጻፈና ስልኩን ይዞ ወጣ። ዓብዩ መሞቱን አሁንም አያውቅም። የሚያውቀው እናቱ መድከሟን ነው።

እሷም እንደ ልማዷ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰው፣ «ላልቅሰው?» አለችው።

«አልቅሺው፣ እማ።»