ሃያ አምስተኛው ደቂቃ

የክሪስታል ኤርፖርት መንደርደሪያ ፊት ለፊቱ ወለል ብሎ ታይቶት፣ ስድስት መቶ ጫማ ላይ ሆኖ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሳለ፣ አውሮፕላኑም ሰማዩም መንደርደሪያውም እልም አሉ። ስክሪኑ ላይ የቀረው የልጁ የሶሲ ፎቶ ብቻ ነበር።

"አሁንስ በዛ!" አለ ሆርዶፋ፣ ጠረጴዛው ላይ የተገጠመውን የአውሮፕላን መሪ በሁለት እጁ እንደጨበጠ።

ይኸው ስምንት ሳምንቱ። ኮምፒዩተሩ ላይ የጫነው የበረራ መለማመጃ፣ ሲሙሌተሩ፣ ይነሳል፣ ይበራል፣ ልክ ሊያርፍ ሲል ይዘጋል። ይሄ ነገር ለሌላ ሰው ጨዋታ ነው፤ ለሆርዶፋ ግን ጨዋታ አልነበረም። ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ያለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ አሥራ አንድ ዓመት የሞላው፣ የአርባ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነው። በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ወገቡ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ ክሪስታል ሄዶ እውነተኛ ትንሽዬ አውሮፕላን ማብረር ይማራል። ሽበታሟ አስተማሪው ቁርጡን ነግራዋለች፦ "ሁሉ ነገርህ ጥሩ ነው። ማረፍ ላይ ግን ትቸኩላለህ። እቤትህ ተለማመድ፤ ከመጀመሪያው ጀምር፣ ምንም ነገር አትዝለል። ማረፍህ የተስተካከለ ቀን ብቻህን እለቅሃለሁ።"

ብቻህን! ያቺን ቃል ሲሰማ እንደ ልጅ ነበር የሆነው። እና አትዝለል ስለተባለ አይዘልም። ሲሙሌተሩን ይከፍታል፣ የፍተሻ ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ከሴንት ፖል ይነሳል፣ ወንዙን ተከትሎ ወደ ክሪስታል ይታጠፋል። ሁልጊዜ ያው መንገድ፣ ያው አካሄድ። ሁልጊዜም ያው መንደርደሪያ ፊቱ ላይ ይጠፋል። ባለፈው ሐሙስ እውነተኛውን አውሮፕላን ሲያሳርፍ ሁለቴ አንጥሮት፣ አስተማሪዋ መሪውን ከእጁ ወስዳበታለች።

ያልሞከረው የለም። ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና ጫነ። የክሪስታልን ምስል ነው ብሎ ጠርጥሮ አውጥቶ ጣለው። ኤዶሳን ደግሞ ሦስቴ ጠርቶታል። ኤዶሳ ማለት ለሆርዶፋ እንዲህ ነው ተብሎ የሚነገር ሰው አይደለም። ሚዜው ነው። ሚኒሶታ እንደመጣ በረዶ ላይ መኪና መንዳት ያስተማረው እሱ ነው። ኮምፒዩተሩንም ገጣጥሞ የሰጠው እሱ ነው፤ የሚተዳደረው በኮምፒዩተር ሥራ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅና ስክሪን የሚቆጣጠረውም እሱ። በተጠራ ቁጥር ዕቃውን ይዞ ይመጣል። አንዴ ድራይቨር የሚባለውን ሶፍትዌር አፕዴት አደረገ፣ አንዴ ሚሞሪውን ሲፈትሽ ዋለ። አንድ ቀን ደግሞ ሆርዶፋ የኮምፒዩተሩን ሆድ ከፍቶ አቧራ ሲጠርግ፣ በስልኩ መብራት እያበራለት አጠገቡ ተንበርክኮ አመሸ።

"ሙቀት ይመስለኛል" ብሎት ነበር ያን ቀን። "ለምን ለተወሰነ ጊዜ አትተወውም፣ ሆርዴ?"

ነገሩ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ማክሰኞ ማታ ሲሙሌተሩን ከፍቶ ገና የፍተሻ ዝርዝሩን ሳይጨርስ ሶሲ ከሳሎን ጠራችው።

"ዳድ! ካን ዩ ሄልፕ ሚ?"

የትምህርት ቤት ፖስተሯን ግድግዳ ላይ ሰቅሎላት፣ ትንሽ አውርቶ ተመለሰ። አውሮፕላኑ ሞተሩ እንደጠፋ ሴንት ፖል ቆሟል። ወንበሩን ስቦ ሊቀመጥ ሲል ዓይኑ እያየ እልም አለ። ሆርዶፋ ቆሞ ቀረ። አልበረረ፣ አላረፈ፣ ክሪስታልን አላየ። ታዲያ ምን ነካው?

በስልኩ ሰዓት ይዞ እንደገና ከፈተው፤ እጁንም አላስነካውም። ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ተዘጋ። ደገመው። ሃያ አምስት! የበረራ ሲሙሌተር ወዳጆች በሚጠያየቁበት ፎረም ላይ ያየውን ሁሉ ጻፈ። አንድ የማያውቀው ሰው በማግስቱ መለሰለት፦ "ፕሮግራም ሲበላሽ ዱካ ይተዋል። ኮምፒዩተርህ የስህተት መዝገብ አለው፣ ክፈተው። እዚያ ምንም ካልተጻፈ አልተበላሸም፤ እየተዘጋ ነው። በተቀጠረላቸው ሰዓት በራሳቸው የሚሠሩትን ትእዛዞች ዝርዝር ደግሞ እይ።"

መዝገቡ ንጹሕ ነበር። በስምንት ሳምንት ውስጥ አንዲት ስህተት የለችበትም። የትእዛዞቹን ዝርዝር ከፈተ፤ አብዛኛው ምን እንደሆነ የማይገባው የማሽን ስም ነው። ወደ ታች ወረድ ሲል ግን አንዱን አነበበው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነበር፦ ለበጎ ነው። ሥራው ደግሞ ከሥሩ ተቀምጧል፤ ሲሙሌተሩ ከተከፈተ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላው ዝጋው። የተፈጠረበት ቀን ኤዶሳ "ኮምፒዩተርህን ላጽዳልህ" ብሎ የመጣበት እሑድ ነው። ወይ ጉድ! ይኼን አሜሪካዊ ሌባ አልጻፈው፣ ቫይረስ አልጻፈው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉሃል ይሄ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኤዶሳን ጠራው። መጣ፤ እንደ ወትሮው ዕቃውን ይዞ። ሆርዶፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና ስክሪኑን አሳየው።

"እቺን አንብብልኝ።"

ኤዶሳ ፊቱ አመድ መሰለ። "ሆርዴ…"

"አንብብልኝ አልኩህ!"

"ለበጎ ነው… ይላል።"

"ለማን በጎ?"

ኤዶሳ የዕቃ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ፣ "ሚስትህ፣ መቅሊት፣ ደወለችልኝ" አለ። "እያለቀሰች። አንተ ሚዜያችን ነህ፣ በሠርጋችን ቀን ካሁን ጀምሮ ወንድምሽ ነኝ ብለኸኛል፣ እህትህ ስትቸገር ዝም ትላለህ ወይ፣ ማብረሩን አስተወው አለችኝ። ምን ልበላት?"

"እምቢ በላታ! አለዚያም መጥተህ ለእኔ ንገረኛ!"

"ሲሰለቸው ይተወዋል ብለን ነው እኮ።"

"ብለን! ብለን አልክ?" የሆርዶፋ ድምፅ ተሰነጠቀ። "ብትዘጋብኝስ እሺ። አብረኸኝ ፈልገሃል እኮ! መብራት ይዘህልኝ፣ ተንበርክከህ፣ የደበቅኸውን ነገር ዓይንህን በጨው አጥበህ አብረኸኝ ስትፈልግ ነበር። ሙቀት ነው አልከኝ!"

መቅሊት የምትሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያ ዩኒፎርም ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ወደ ሥራ ልትወጣ ነበር።

"እሱን አትቆጣው" አለች። "እኔ ነኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሃለሁ። ይሄ ነገር ያስፈራኛል፣ ተውልኝ ብዬሃለሁ። ስቀህ አለፍኸኝ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሽማግሌ ሳጥብ፣ ሽማግሌ ሳጎርስ ስልኬን በኪሴ አድርጌ ሰዓት ስቆጥር ነው የምውለው። አሁን ደውለው ወደቀ ይሉኛል እያልኩ።"

ይሄስ እውነት ነው፤ ስቆ አልፏታል። ቢሆንም አልበረደለትም።

"ሌላ ማን ያውቃል?"

ኤዶሳና መቅሊት ተያዩ።

"መቅሊት፣ ማን ያውቃል?"

"የጸሎት ቡድኑ" አለች፣ ድምፅዋ ጠፍቶ። "የጸሎት ርዕስ አድርጌ ሰጥቼ ነበር።"

ሆርዶፋ የጸሎት ቡድኑን አባል እህት ሮማነወርቅን አስታወሰ። ባለፈው እሑድ ትከሻውን መታ መታ አድርጋ "አይዞህ፣ የጨበጥከው ሁሉ የአንተ አይደለም" ብላው፣ እሱ ደግሞ አሜን ብሎ ስሟት ነበር። አሥራ ሁለት ሰው! አሥራ ሁለት ሰው ዓይን ጨፍኖ የእሱ ኮምፒዩተር እንዳይሠራ ሲጸልይ፣ እሱ መሐላቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። እንዲህ በቁሙ የተሸጠ ሰው አለ?

"ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ እኔ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ?" አላት።

"አላውቅም።"

"እያረፍኩ ነው። የምለማመደው ማረፍ ነው። አስተማሪዋ የምትለኝ እሱን ነው፣ የከበደኝም እሱ ነው። ስምንት ሳምንት አንዴ እንኳ ሳላርፍ ዘጋችሁብኝ። ሐሙስ ሐሙስ ግን እውነተኛው ላይ እወጣ ነበር! እንዳልወድቅ ብለሽ ማረፍ ከለከልሽኝ፣ መቅሊት።"

መቅሊት አፏን በእጇ ያዘች። "በኢየሱስ ስም!" አለችና ወደ ኤዶሳ ዞረች። "አንተ… ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም። ሰዓቱን እንዲሁ ነው የመረጥኩት። ቶሎ ቶሎ ከዘጋበት ይነቃል ብዬ…" አለ ኤዶሳ። ከዚያ እጁን ወደ ኪቦርዱ ዘረጋ። "ቆይ ልሰርዘው።"

"እጅህን እንዳታስጠጋ! ቦርሳህን ይዘህ ሂድልኝ።"

ኤዶሳ ሄደ። ሆርዶፋ በራሱ እጅ ሰረዘው፤ አንድ ጠቅታ ነው የፈጀበት። ያን ቀን በሲሙሌተሩ ክሪስታል ላይ አሥራ አራት ጊዜ አረፈ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ለወሬ አይበቁም፤ ከዚያ እየተስተካከለለት መጣ። ደስ ሊለው ሲገባ ሆድ ሆዱን በላው። የሚደውልለትና "ኤዶ፣ አረፍኩ እኮ!" የሚለው ሰው አጣ። ኤዶሳ ግን ለአራት ቀን መልእክት መላኩን አላቆመም፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ወንድሜ ይቅርታ። ሆርዶፋ አንዱንም አልመለሰም።

ከመቅሊት ጋር ግን አንድ አልጋ ነው፣ ወዴት ይኬዳል? ረቡዕ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጁን ያዘችው።

"ካሁን ወዲያ አንዳችን ካንዳችን ምንም አንደብቅ። ክፉም ቢሆን፣ የሚያስፈራም ቢሆን ፊት ለፊት እንነጋገር። ቃል ግባልኝ።"

"እሺ" አላት። አብረው ጸለዩ፤ አሜንም አለ። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር።

ሐሙስ በእውነተኛው አውሮፕላን ክሪስታል ላይ ሦስት ጊዜ አረፈ፤ ሦስተኛዋን ጎማው መሬት መንካቱ እንኳ አልተሰማውም። አስተማሪዋ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ፣ "ቅዳሜ ጠዋት ናልኝ። እኔ መሬት ላይ ሆኜ አይሃለሁ" አለችው። እስከ ቤቱ ድረስ ብቻውን ሲስቅ ነበር። በሩን እስኪከፍት ድረስ ለመቅሊት ሊነግራት ነበር።

መቅሊት ወጥ ቤት ቆማ ጎመን ትከትፋለች። ስታየው ቢላዋውን አስቀመጠች።

"እንዴት ነበር?"

"ደህና ነው።"

"ብቻህን የምትበረው መቼ ነው አለችህ? እውነቴን ነው፣ ልልመደው። ሥራ ተቀያይሬ ከሶሲ ጋር እመጣለሁ፤ ቆመን እናይሃለን።"

ሆርዶፋ አያት። ዓይኗ ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም። ያን ጊዜስ ነበረ? ለአሥራ ሁለት ሰው ስትነግርበትም፣ ለሚዜው ስታለቅስም፣ ማታ ማታ "ዛሬስ ሠራልህ?" ብላ ስትጠይቀውም በዚህችው ዓይኗ ነበር የምታየው። ቅዳሜ ብሎ ቢነግራት ዓርብ ለማን ትደውላለች? ምናልባት ለማንም። ምናልባት።

"ገና ነው" አላት፣ ጃኬቱን እያወለቀ። "ቀን አልቆረጠችልኝም። ቅዳሜ ደግሞ ኦቨርታይም አለኝ።"

"በቅዳሜ? ውይ፣ እነዚህ ሰዎች! ታዲያ ምሳ ልቋጥርልህ?"

ሆርዶፋ ጃኬቱን መስቀያው ላይ ሰቀለ።

"ቋጥሪልኝ" አላት።