የቢስቲማዋ ስድስት ጎራሽ

በሺር የሽጉጧን ጥይት መያዣ በአውራ ጣቱ ሲገፋው ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ዞረ።

«ጣልያን ሠራሽ ናት፤ ከወረራው ጊዜ» አለ የሱቁ ባለቤት አባይ። «አፈሙዟ ውስጡ ዝጓል፤ መምቻዋ ተሰብሯል፤ አትተኩስም። የምሸጥልህም እንደ ቅርስ ነው። ሦስት ሺህ ብር።»

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ደሴ ፒያሳ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ። በሺር ከኮምቦልቻ እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። አያቱ ከጣልያን መኮንን የማረኳት ስድስት ጎራሽ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በአንድ ኩንታል ማሽላ ከቤት መውጣቷን ሲሰማ ነው ያደገው። ይህቺ ያቺው ትሁን ሌላ፣ መለየት የሚችሉት አክስቱ ኡሙሰልማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ሱቅ አንድ የጣልያን ሽጉጥ መኖሩን ሲሰማ፣ ዛሬ ጠዋት ከቢስቲማ ይዟቸው መጣ። በሩ ላይም አደራ አላቸው፤

«ራሷ ብትሆን እንኳ ዝም ይበሉ። ካወቀብን ዋጋውን ይሰቅለዋል።»

«ወላሂ፣ ትንፍሽ አልልም» ብለው ነበር።

አሁን ሽጉጧን ተቀብለው የእንጨት እጀታዋን ከላይ ወደ ታች ዳሰሱ። ጣታቸው ግርጌው ላይ ቆመ።

«አላሁ አክበር! ናት! ራሷ ናት!»

ጩኸታቸው መንገደኛ አስቆመ። በሺር ዓይኑን ጨፈነ።

«እንግዲያው አራት ሺህ አምስት መቶ» አለ አባይ ፈጠን ብሎ።

«አክስቴ! ምን ብዬዎት ነበር?»

እሳቸው አልሰሙትም። «ይህቺን ጥግ የሸረፍኳት እኔ ነኝ! ዐሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ሳያይ አንስቻት ወፍጮ ድንጋዩ ላይ ጣልኳት። የተገረፈው ግን ወንድሜ ሚስባህ ነው። አባትህ፣ በሺር! እኔ መሆኔን እያወቀ አንድ ቃል አልወጣውም። እኔም እስኪሞት ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።»

በሺር አባቱን የሚያስታውሰው ዝምተኛ፣ ደረቅ ሰው አድርጎ ነበር። የዋጋው ንዴት ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ብዙ ተገረፈ?»

«አርጩሜው እስኪሰበር!»

ሳቁ አመለጠው። ክርክሩን ትቶ፣ ለመኪናው ጎማ መግዣ የያዘውን ጭምር አውጥቶ ከፈለ።

አባይ ደረሰኝ ዘረጋ። «በማን ስም ይሁን?»

«በአክስቴ። የአባታቸው ናት» አለ በሺር።

«አይሆንም» አሉ ኡሙሰልማ። «በሺር ሚስባህ ብለህ ጻፍ።»

አባይ መጻፍ ሲጀምር ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ሚስባህ የምትለዋን ጎላ አድርጋት።»